አጥንትና ዳገት

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ እየተነባበረ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ብርሃን በሚደክምበት ጥግ፣ የብዙ ሰው አጽም ተጋድሟል። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው እነዚህ ሰዎች ቅዱሱን ቦታ ሊሳለሙ ከቅርብም ከሩቅም መጥተው ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ከላሊበላ ቀድሞ ነግሧል። በዚያ ዘመን ወደ ዋሻው የሚያደርሰው እግር ወይም በቅሎ ብቻ ነበር። አጥንታቸው እዚያ የቀረው ተሳላሚዎች ብዙዎቹ የላስታን ዳገት በእግራቸው የወጡ ሰዎች መሆን አለባቸው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ንጉሥ ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት አስፈለፈለ። አለቱን የሚፈልጠው፣ ፍልጡን ከጉድጓዱ የሚያወጣውና ራቅ አድርጎ የሚደፋው የሰው ጉልበት ነበር። ላስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሸክምና በዳገት የሚኖር አገር ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እርሻው ሽቅብ ነው፣ ውኃው ቁልቁል። እንጨት የሚለቀመው ከገደል አፋፍ፣ ገበያ የሚደረሰው ሸንተረር ተሻግሮ ነው። በዚህ አገር አንዲት ባልቴት ጉልበቷ ዳገት፣ ጀርባዋ ሸክም ሳያውቅ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን ማለዳ፣ በልደት በዓል፣ በቤተ ማርያም የሚታየው ሥርዓት የዚህን አገር ሰው ጉልበት በቅርብ ያሳያል። ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ከአለቱ ግድግዳ አናት ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ይቆማሉ። ሌሊቱን በማሕሌት ያደሩ ናቸው። በአንድ እጃቸው ጸናጽል፣ በሌላው መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ሲጀምር በጉልበታቸው ሸብረክ ብለው ይነሳሉ፤ ደግሞ ሸብረክ ይላሉ። የሰውነታቸው ክብደት ከቀኝ እግር ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ከበሮው ሲፈጥን እነርሱም ይፈጥናሉ። ከመካከላቸው ጢማቸው የነጣ አረጋውያን አይጠፉም። መቋሚያው ሌሊት ብብት ሥር ገብቶ ሲያሳርፋቸው ያድርና ሲነጋ ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

በዓቢይ ጾም፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት፣ ስግደቱ ይበረታል። ሰጋጁ ቀጥ ብሎ ከቆመበት በጉልበቱና በእጁ መሬት ይወርዳል፣ ግንባሩን ያስነካል፣ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህንኑ ይደጋግማል። በስቅለት ዕለትማ ቀኑ የሚያልፈው በስግደት ነው። የስፖርት መምህር ቢመለከተው ከቁጭ ብድግ ጋር ያዛምደው ነበር። ሰጋጁ የሚሰግደው ለነፍሱ ነው፤ አጥንት ግን የሰውን ሐሳብ አያውቅም፣ የሚያርፍበትን ክብደት ብቻ ነው የሚሰማው። የሳይንስ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

አጼ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638፣ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የመጨረሻ ታላቅ መጽሐፉን በሆላንዷ ሌይደን ከተማ አሳተመ። ጋሊሊዮ በዚያ ወቅት አርጅቶና ዓይኑ ጠፍቶ በጣሊያን በቁም እስር ላይ ነበር። ከመጽሐፉ ሥዕሎች አንዱ ሁለት አጥንቶች ያሳያል፤ አንደኛው ቀጭንና አጭር፣ ሁለተኛው በርዝመት ሦስት እጥፍ ሆኖ በውፍረት ግን ከዚያ እጅግ የላቀ። እንስሳ በቁመት እያደገ ሲሄድ ክብደቱ ከቁመቱ በላይ ስለሚጨምር፣ አጥንቱ በዚያው ልክ ካልወፈረ ራሱን አይሸከምም። አጥንትና ሸክም እንዲህ በሒሳብ ተያያዙ።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አለፈና እ.ኤ.አ. በ1866 ዙሪክ ላይ ሌላ ነገር ታየ። የአናቶሚ ሊቁ ኸርማን ፎን ማየር የጭን አጥንትን ራስ ለሁለት ሰንጥቆ በውስጡ የተጠላለፉትን ቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች በሥዕል አቀረበ። ካርል ኩልማን የተባለ መሐንዲስ ሥዕሉን ሲያይ ተገረመ፤ ዘንጎቹ የተሰለፉት እርሱ ክሬን ሲነድፍ በሚያሰላቸው የጫና መስመሮች አቅጣጫ ነበር። ፎን ማየር ግኝቱን በ1867 አሳተመ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ እየጎተተ ነበር። መንገዱን እየቆረጡ፣ ሸለቆውን እየወረዱ፣ ዳገቱን በጠፍር እየሳቡ ለማድረስ ወራት ፈጀ። የወሎ ደጋ የሰውን ጭንና ትከሻ ምን ያህል እንደሚጠይቅ የዚያን ጉዞ ያህል የሚናገር ታሪክ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1892 የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ ነገሩን በሕግ መልክ ደነገገው። አጥንት የሚያርፍበት ጫና ሲለወጥ የውስጥ አሠራሩም የውጭ ቅርጹም ይለወጣል አለ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ የቮልፍ ሕግ ይባላል። የኋላ ዘመን ምርምር ሕጉን በብዙ አሻሽሎታል፣ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል። አጥንት ሕይወት አለው። እንደ ላስታ የእርከን ካብ ነው፤ የላላው ድንጋይ ይነሳል፣ ጎርፍ የሚገፋው ቦታ በአዲስ ድንጋይ ይጠናከራል፣ ማንም የማያርሰው እርከን ግን ቀስ በቀስ ይፈርሳል። በአጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳትና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ይሠራሉ። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ማፍረሱ እያመዘነ ይሄዳል።

ማፍረሱ ለምን በሴቶች ላይ እንደሚፈጥን ያብራራው የቦስተኑ ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ አከርካሪያቸው እየተሰበረ ወደ ሕክምና ከሚመጡት አብዛኞቹ ያረጡ ሴቶች መሆናቸውን አሳየ። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ የአጥንት አፍራሾቹም ልጓም ይላላል። የአጥንት መሳሳት፣ ኦስቲዮፖሮሲስ፣ የእርጅና ዕጣ ብቻ ሳይሆን መንስኤው የሚጠና በሽታ ሆነ። አረጋዊት እናት ቁመቷ እያጠረ፣ ጀርባዋ እየጎበጠ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከቆዳው በታች የተሰባበረ አከርካሪ አለ። ስብራቱ የሚደርሰው ሳይታወቅ፣ አንዳንዴም ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ብቻ ነው።

በዚያን ዘመን ለታመመም ላረጀም የሚታዘዘው መድኃኒት ዕረፍት ነበር። ይህን እምነት ያናጋው በኒው ዮርክ የተደረገ ሙከራ ነው። ዴይትሪክ፣ ዊደንና ሾር የተባሉ ሐኪሞች አራት ጤነኛ ወጣቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቀው ከወገባቸው እስከ እግር ጣታቸው በጀሶ አሰሩና ለሳምንታት አስተኟቸው። ምግባቸውና ሽንታቸው በየዕለቱ ይመዘን ነበር። ወጣቶቹ ጠግበው እየበሉ፣ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው፣ ከሽንታቸው ጋር የሚወጣው ካልሲየም ወደ ሁለት እጥፍ ደረሰ። አጥንታቸው እየሟሟ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲታተም አልጋ ራሱ አጥንትን እንደሚጎዳ በቁጥር ተረጋገጠ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም ሕብለ ሠረሠራቸው የተጎዳ ሰዎችን ከአልጋ እያስነሳ ስፖርት ያሠራ ነበር። ወደዚያ ሆስፒታል ከሄዱት አንዱን ኢትዮጵያውያን በሚገባ ያውቁታል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በስቶክ ማንደቪል ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍም ከስፖርት አልተለየም። የማይንቀሳቀስ እግር አጥንቱን በፍጥነት እንደሚያጣ፣ የሚሠራው ክንድ ግን እንደሚጠነክር ሐኪሞች ዛሬ በእርግጠኝነት ይናገራሉ።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ተከታትሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኒልሰንና ዌስትሊን የተባሉ ስዊድናውያን የስፖርተኞችን የጭን አጥንት ለኩ። ክብደት አንሺዎች ከሁሉም የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ አጥንት ነበራቸው። ዋናተኞች ግን ስፖርት ከማይሠሩት ሰዎች አልተለዩም። ውኃ ክብደትን ይሸከማልና የዋናተኛው ልብና ሳንባ ሲጠነክር አጥንቱ ድርሻውን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ 84 የቴኒስ ባለሙያዎች በራጅ ታዩ፤ ራኬት የሚይዘው የወንዶቹ ክንድ አጥንት ከሌላው ክንዳቸው 35 በመቶ ገደማ፣ የሴቶቹ 28 በመቶ ገደማ ወፍሮ ተገኘ። በአንድ ሰው አካል ውስጥ፣ በአንድ ደምና በአንድ ምግብ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሥራ ብቻ ነው።

በመካከሉ የስካይላብ ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 ክብደት በሌለበት ሕዋ እስከ 84 ቀን ቆይተው ሲመለሱ የተረከዝ አጥንታቸው ሳስቶ ተገኘ። በኋላ በረጅም ተልእኮዎች በተደረገ ልኬት ጠፈርተኛ ከዳሌው አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ እንደሚያጣ ታውቋል። ይህ ያረጠች ሴት በዓመት ከምታጣው ጋር ይቀራረባል።

ጠፈርተኞቹ በተመለሱበት ዓመት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከወሎ ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው በአፋር ሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን አጽም አገኙ። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የተባለችው እርሷ ናት። አጽሟ ስለ አኗኗሯ የሚናገረውን ለመስማት ግን ሌላ አርባ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

1977 ዓ.ም. በወሎ የሚታወሰው በረሃቡ ነው። ላስታም፣ ዋግም፣ ራያም ተጎዱ፤ የቆረም መጠለያ ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። በዚያ ወቅት ከሞት የተረፉ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሳ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ወደ ማረጥ ዕድሜ እየተቃረቡ ነው። ሰው ለእርጅናው የሚያጠራቅመው አጥንት የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ስለሆነ፣ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጦት ዋጋው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሊጠየቅ ይችላል። በወሎ ስለ አረጋውያን አጥንት የሚያስብ ሐኪም የታካሚዋን የልደት ዘመን ሲጠይቅ ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

በዚያው የረሃብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ክሊንተን ሩቢንና ላንስ ላንየን አጥንት ምን ያህል ጫና እንደሚፈልግ የሚያሳይ ሙከራ አሳተሙ። የወፍን ክንፍ አጥንት ከሌላ እንቅስቃሴ ሁሉ ነጥለው በመሣሪያ ጫኑት። ምንም ያልተጫነው አጥንት ሳሳ። በቀን 4 ጊዜ ብቻ የተጫነው ባለበት ጸና። 36 ጊዜ የተጫነው አደገ። ከ36 በላይ፣ እስከ 1,800 ጊዜ ቢጫንም የተጨመረ ጥቅም አልታየም። የአጥንት ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ጠንከር ያለ ጫና ለጥቂት ጊዜ ሲደረግ ከቀላል ጫና ብዛት ይበልጣል። ሜዳ ላይ ለሰዓታት መንሸራሸር ለልብ ይጠቅማል፤ ለአጥንት ግን ዳገትና ሸክም፣ ዝላይና ቁጭ ብድግ ይበልጣሉ።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር። ይህ ሁሉ ለወጣት ነው፤ ያረጀ ሰውስ?

መልሱን የሰጡት ከቦስተን የአረጋውያን መኖሪያ የተመረጡ 10 ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት ነበር። ሐኪሟ ማሪያ ፊያታሮኔ ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱ ሲታተም የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሮ ነበር። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መሄድ ጀመሩ። ከዚያ በፊት በዘጠና ዓመት አረጋዊ ላይ ክብደት መጫን ብዙ ሐኪሞችን ያስደነግጥ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ተመራማሪዋ ሚርያም ኔልሰን በቦስተኑ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆናቸው 39 ያረጡ ሴቶችን አጠናች። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ዓመት ክብደት አነሱ፤ ግማሾቹ ኑሯቸውን እንደነበረ ቀጠሉ። ክብደት ያነሱት በዳሌና በወገብ አጥንታቸው 1 በመቶ ገደማ ሲጨምሩ፣ ሌሎቹ 2 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ያነሱት ሴቶች ሚዛናቸውን መጠበቅም ቻሉ። ትርፉ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዳሌ ስብራት የሚመጣው በአብዛኛው ከመውደቅ ነውና ያልወደቀች ሴት ዳሌዋ የመሰበሩ ነገር አነስተኛ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት የአጥንት መሳሳትን በልኬት ወሰነ፤ ከጤነኛ ወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዝቅ ያለ ጥግግት በሽታ ተባለ።

ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በበኩላቸው የአጥንትን ሌላ ክፍል ይመረምሩ ነበር፤ ፀሐይንና ምግብን። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ሌላ 500 ካልያዛቸው ጋር አስተያዩ። አጥንት የሚያልፈሰፍሰው ሪኬትስ በታመሙት ዘንድ ወደ 13 እጥፍ በዝቶ ተገኘ። በ1999 የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያውያንን ደም ከኖርዌያውያን ጋር አመዛዘኑ፤ ፀሐይ የማይጠፋበት አገር ሰዎች ከሰሜን አውሮፓውያን ያነሰ ቫይታሚን ዲ ነበራቸው። በ2015 ደግሞ በአዳማ አካባቢ የተጠኑ የትምህርት ቤት ልጆች 42 በመቶው ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ተገኙ። ከገጠሩ ይልቅ የተጎዱት የከተማ ልጆች ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚውል፣ ሲወጣም ተሸፋፍኖ የሚሄድ ሰው የ13 ወር ፀሐይ ቢኖረውም አይጠቀምባትም።

ለላስታ አረጋውያን ይህ የቅርብ ጉዳይ ነው። ቀሳውስትና መነኮሳት ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ስለሚጾሙ ወተትና አይብ ከማዕዳቸው ይርቃል። ጤፍ ግን ከስንዴ በብዙ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካም አንጀት ማዕድኑን እንዲቀበል ይረዳል። ጎመንና ሰሊጥም አሉ። ጾም ላይ ያሉ ሰው ምስርና ሽሮ ካልተለያቸው ጡንቻን የሚያቆም ፕሮቲን ያገኛሉ። ያለ ምግብ የሚሠራ ሰውነት የሚገነባበት ነገር የለውም። ምግብ አግኝቶ ያለ ሥራ የተቀመጠውም የተሰጠውን አያስቀርም።

የጥንት አጥንት የሚያጠኑ ሰዎችም ሌላ ቁም ነገር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ የታተሙ ሁለት ጥናቶች የዛሬ ሰው አጥንት ከጥንት ዘመዶቹ ይልቅ የሳሳ መሆኑን አሳዩ። አዳኝና ለቃሚ የነበሩ ሕዝቦች የዳሌ አጥንት ከኋላ ከመጡት ገበሬዎች ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። መሳሳቱ የመጣው እንቅስቃሴ በመቀነሱ ነው ብለው ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ክሪስቶፈር ራፍ፣ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው የድንቅነሽን አጥንቶች በራጅ መቃኛ አጥንተው ውጤቱን አወጡ። የክንዷ አጥንት ከእግሯ አንጻር ከዛሬ ሰው እጅግ ጠንካራ ነበር። በሁለት እግሯ የምትሄደው ድንቅነሽ ዛፍ ላይም በክንዷ እየተሳበች ትወጣ ነበር። የሠራችው ሥራ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ አጥንቷ ላይ ተጽፎ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአውስትራሊያው ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ቀሪውን ፍርሃት ነካ። ቤሊንዳ ቤክና ባልደረቦቿ አጥንታቸው የሳሳ፣ ዕድሜያቸው ከ58 በላይ የሆነ 101 ሴቶች መረጡ። አንደኛው ቡድን በባለሙያ እየታየ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ከባድ ክብደት ከመሬት አነሳ፣ ቁጭ ብድግ ሠራ፣ ከራሱ በላይ ገፋ፣ ዘልሎ አረፈ። ክብደቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ አንዷ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሳው ከምትችለው ከ85 በመቶ በላይ ደረሰ። ከ8 ወር በኋላ የወገብ አጥንታቸው 2.9 በመቶ ሲጨምር፣ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት 1.2 በመቶ ቀነሱ። በጠቅላላው ሙከራ የተመዘገበው ጉዳት አንድ ቀላል የወገብ መያዝ ነበር።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ መንገድ ለሰው የተባለው እንቅስቃሴ ተጀመረ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በወሩ መጨረሻ እሑድ መኪና ከአንዳንድ መንገዶች ተከልክሎ ሕዝቡ በጋራ ስፖርት መሥራት ጀመረ። አደባባይ ላይ ከወጣቶቹ መካከል ነጠላ ያጣፉ እናቶችና ኮፍያ ያጠለቁ አባቶች ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 108 ጥናቶችንና ከ23,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ግምገማ የሰውነት እንቅስቃሴ የአረጋውያንን የመውደቅ ብዛት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በ2020 የዓለም የጤና ድርጅት 65 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠራ መከረ።

ታሪኩ ወደ ላስታ ሲደርስ ከአንድ መልካም ልማድ ጋር ይጋጫል። ልጆች ሥራ ሲይዙ እናታቸውን ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ያመጣሉ። እዚያ ያለው ክብር ማስቀመጥ ነው። እማማ ሲነሱ «አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ» ይባላሉ፤ ውኃው ይቀዳላቸዋል፣ ዕቃው ይነሳላቸዋል፣ ደጅ መውጣታቸው ያሳስባል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ሆኖም ሽቅብ ቁልቁል ሲል ስልሳ ዓመት የኖረ አጥንት በጥቂት ወራት ሶፋ ላይ ሲቀመጥ፣ የኒው ዮርኮቹ ወጣቶች በጀሶ ውስጥ የደረሰባቸውን በቀስታ ይቀምሳል። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲመጣ እማማ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ይደናቀፋሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል፤ ቤተሰቡም አወዳደቁን ይረግማል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው አካሄድ ከላስታ ኑሮ ብዙ አይርቅም። አረጋዊው በየቀኑ ከወንበር ላይ እጃቸውን ሳይደግፉ ደጋግመው ይነሳሉ፤ ሲቀላቸው ከበፊቱ ዝቅ ካለ መቀመጫ ይጀምራሉ። ግድግዳ ይዘው በአንድ እግር ይቆማሉ። በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ያነሳሉ፣ እየቆየ ውኃው ይጨመራል። ደረጃ ወይም ዳገት ካለ ይወጣሉ። ጀርባው ድንገት የጎበጠ ወይም አጥንቱ ቀድሞ የተሰበረ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ከማንሳቱ በፊት ሐኪም ይየው። የዳሌ ስብራት የደረሰበት አረጋዊም ወጌሻ ጋ ሳይቆይ ሆስፒታል ይሂድ፤ ይህ ስብራት በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ በሽተኛው በቀናት ውስጥ ከአልጋ ሲነሳ ነው ብዙ ጊዜ ዳግም የሚራመደው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱ ሴት ባለሙያዎችን አፍርቷል። የእናትና የሕፃን ጤና ለመጠበቅ ወደ ደጋው መንደር ሁሉ ይደርሳሉ። የወንበር ቁጭ ብድግን ለአያት ማስተማር ወጪ የለውም፣ መሣሪያም አይጠይቅም፤ የሚፈልገው በሥልጠናቸው ውስጥ አንድ ትምህርትና በጉብኝታቸው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነው። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ዳገት የሚወጡትን የላስታ አረጋውያንና ወደ ከተማ የገቡትን እኩዮቻቸውን አጥንት ጎን ለጎን ቢለኩ፣ ከዙሪክ እስከ ቦስተን የተጻፈው ታሪክ ቀጣይ ምዕራፉን ከዚህ አገር ሰዎች ያገኛል።